ስለ ልብ ጤንነት

ልጆች ሆይ፤ እሾህ የወጋው ሰው እያነከሰ ሲሄድ ያየው ሁሉ፥ «ምን ሆንህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ተቀምጦም እሾሁን ያወጣለታል። ራሱን የተፈነከተም እንደ ሆነ በነጠላ ጫፍ ያስሩለታል። ልቡን የታመመ ሰው ግን አያነክስም፥ ደምም አይፈሰውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይጠይቀው በሰው መካከል ብቻውን ይኖራል። ዛሬ ስለዚህ ስለማይታየው ሕመም ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ልብ ስል በደረታችን ውስጥ የሚመታውን ሥጋ ብቻ ማለቴ አይደለም። አባቶቻችን የሚያስበውን፥ የሚፈራውን፥ የሚያዝነውንና ደስ የሚለውን ውስጣዊ ሰውነት ሁሉ ልብ ብለው ጠሩት። ሐኪሞች ይህንኑ አእምሮ ይሉታል። በ1940 ዓ.ም የተቋቋመው የዓለም የጤና ድርጅት ጤንነት ማለት ከደዌ ነጻ መሆን ብቻ እንዳይደለ፥ ሰው በሥጋውም፥ በአእምሮውም፥ ከሰው ጋር በሚኖረው ኑሮም ደኅና ሲሆን እንደ ሆነ በመተዳደሪያው ላይ ጽፎአል። እንግዲህ ሆዱን ሳያመው ሌሊቱን ሁሉ በጭንቀት ሲገላበጥ የሚያድር ልጅ ጤነኛ ነው አይባልም።

ይህን ነገር እኔ የተማርሁት ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከአንድ ተማሪዬ ነው። የተማርሁትም እርሱን በድዬ ነው።

በአዊ ደጋ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ሳስተምር፥ ዕድሜው ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆን ልጅ በክፍሌ ነበረ። በንባብ ከጓደኞቹ ሁሉ ይቀድም ነበር። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ አባቱ በድንገት ታሞ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ልጁም ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶ ተመለሰ።

ከተመለሰ በኋላ ግን ሌላ ልጅ ሆነ። መጽሐፉን ይገልጣል፥ ገጹን ግን አያገላብጥም። ስሙን ሲጠሩት ዘግይቶ ይሰማል። በማለዳ ራሱን በክንዱ ላይ አድርጎ ያንቀላፋል። እኔም ሦስት ሳምንት ያህል ከታገሥሁ በኋላ፥ «የሐዘኑ ወራት አልፎአል፤ እንግዲህ ይህ ስንፍና ነው» አልሁ። አንድ ቀን በተማሪዎቹ ፊት አስነሥቼ እንዲያነብ አዘዝሁት። ሦስት ቃል አንብቦ ዝም አለ። አርጩሜ አንሥቼም መዳፉን መታሁት። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በሠላሳ ስድስተኛው አንቀጽ ልጅ በትምህርት ቤት እንዳይገረፍ መደንገጉን አውቅ ነበር። ነገር ግን እኔም በልጅነቴ በአለንጋ ፊደል የቈጠርሁ ነኝና ልማድ አሸነፈኝ። ልጁ አላለቀሰም፤ እጁንም አልሸሸገም፤ ግድግዳውን ብቻ ተመለከተ። ያ አለማልቀሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ትዕቢት መሰለኝ።

በማግሥቱ አክስቱ መጥታ ነጠላዋን አጣፍታ ከደጅ ቆመች። «የኔታ፥ ልጁ ሰነፍ አይደለም» አለችኝ። «ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ተኝቶአል ብለን ስንተወው ተነሥቶ ወደ ጋጣ ይወርድና ከአባቱ ፈረስ አጠገብ ቆሞ ያድራል። እንጀራ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ቈርሶ ይተዋል። እናቱ ስትጠይቀው ደኅና ነኝ ይላታል።»

«ስለ ምን ለእናቱ እንኳ አይነግራትም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«በቀብሩ ዕለት ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተራ በተራ ትከሻውን እየያዙ፥ አንተ ወንድ ነህ፤ አታልቅስ፤ እናትህን አጽናና፤ ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ አሉት። እርሱም ቃላቸውን ጠበቀ» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ክፉ አላሰቡም። እኛም ሁላችን በለቅሶ ቤት እንዲህ እያልን እንናገራለን። ነገር ግን በጥጃ ጫንቃ ላይ የበሬ ቀንበር ጫኑበት። እኔም ቀንበሩ እንዳለ አርጩሜ ጨመርሁበት።

ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ርቆ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ ያያችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ ውሃ ሞልቶበት የሆነ ሐይቅ ነው። ከዳር ቆሞ ለሚያየው መስተዋት ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን ከመቶ ሜትር ይበልጣል። ያንን ልጅ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ እያየሁት ሳለ ያየሁት ላዩን ብቻ ነበረ።

አሁን ሐዘንና ጭንቀት በሰውነታችን ውስጥ የሚሠሩትን ላስረዳችሁ። አእምሮ የሚሠራበት የሥጋ ክፍል አንጎል ይባላል። የአዋቂ ሰው አንጎል ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ከመላው ሰውነትም ከሃምሳ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ሰውነታችን ከምግብ ከሚያገኘው ኀይል ከአምስት አንዱን እጅ እርሱ ብቻውን ይወስዳል። ሳይበላ የመጣ ልጅ ትምህርት የማይገባው ስለዚህ ነው።

በመሸ ጊዜ በመንገድ ላይ ጅብ ብታገኙ ልባችሁ ይመታል፥ ትንፋሻችሁ ያጥራል፥ አፋችሁ ይደርቃል፥ እጃችሁም ይቀዘቅዛል። ይህ ሕመም አይደለም፤ ፈጣሪ የሰጠን ጥበቃ ነው። ከኵላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አንድ ዐይነት ፈሳሽ ወደ ደም ይለቃሉ፤ በዚህም ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ጅቡ ሲሄድ ልብም ቀስ በቀስ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ነገር ግን ጅቡ በአሳባችን ውስጥ የተቀመጠ እንደ ሆነ አይሄድም። «እናቴም ብትሞትስ? እኔስ ታናናሾቼን በምን አሳድጋቸዋለሁ?» የሚል አሳብ በየሌሊቱ የሚመጣበት ልጅ፥ ሰውነቱ እስኪነጋ ድረስ ለሩጫ እንደ ተዘጋጀ ያድራል። እንዲህም ሆኖ እንቅልፍ አይወስደውም።

ዕድሜው ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነ ልጅ በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት መተኛት ይገባዋል ብለው ሐኪሞች ይመክራሉ። በእንቅልፍ ጊዜ ሥጋ ያርፋል፤ አንጎል ግን ቀን የተማረውን እየሰበሰበ ያጸናል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ቍጡ ይሆናል፥ ያየውንም ይረሳል፥ ትንሹ ነገር ተራራ ይሆንበታል። የዚያ ልጅ ዐይን በክፍል ውስጥ ይከደን የነበረው የሌሊቱን ዕዳ ሲከፍል ነበረ። (እናንተም ዛሬ በብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍናችሁ የታላቅ ወንድማችሁን ስልክ ስታዩ የምታመሹ፥ ይኸው ዕዳ እንዳለባችሁ ዕወቁ።)

አክስቱ ከሄደች በኋላ የነቢዩ የኤልያስ ታሪክ ትዝ አለኝ። ብዙ ጊዜ አንብቤው ነበር፥ ያን ቀን ግን እንደ አዲስ ተረዳሁት። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በሕዝብ ሁሉ ፊት ያልፈራ ነቢይ ነው። ነገር ግን ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተች ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ መሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ስለ ፍርሃቱ አልገሠጸውም። ኤልያስ ተኛ፤ መልአክም ቀስቅሶ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በልቶና ጠጥቶ ዳግመኛ ተኛ። መልአኩም ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር፥ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ግን ለልጁ ከእንቅልፉና ከእንጀራው በፊት ጥያቄውን አቀረብሁለት።

የኢዮብ ወዳጆችም እንዲሁ ያስተምሩናል። ወዳጃቸው መከራ እንዳገኘው በሰሙ ጊዜ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም አደረጉ። የበደሉት አፋቸውን ከፍተው ማስተማር በጀመሩ ጊዜ ነው።

በዚያ ቀን ትምህርት ሲያበቃ ልጁን ከደጅ በዛፍ ጥላ አስቀመጥሁት፤ እኔም ከጎኑ ተቀመጥሁ። «ልጄ፥ ትናንት ስመታህ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። «ምንም አይደለም፥ የኔታ» አለኝ። ይህ ለእናቱ ከሚነግራት፥ «ደኅና ነኝ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነበረ። ብዙ ዝም ብለን ከተቀመጥን በኋላ፥ «የአባትህ ፈረስ ገብሱን ይበላልን?» ብዬ ጠየቅሁት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «አይበላም። እርሱም አባባን ይጠብቃል» አለ። ጥቂት በአማርኛ ከተናገረ በኋላ ቃል አጠረው፤ በእናቱ ቋንቋ በአዊኛ ይነግረኝ ጀመር። እኔ አዊኛ የማውቀው በግማሽ ነው። ነገር ግን በአማርኛ ተናገር አላልሁትም። በቃሉ መካከል አለቀሰ፤ ጥላው ከእግራችን እስኪርቅ ድረስም አለቀሰ። በዚያች ሌሊት እስኪነጋ ተኛ ብላ አክስቱ ነገረችኝ።

ልጆች ሆይ፤ የልባችሁን ነገር ለመናገር ስትፈልጉ ቃል ቢያጥራችሁ አትፈሩ። እናታችሁ ባስተማረቻችሁ ቋንቋ ተናገሩት፤ አዊኛም ቢሆን አማርኛም ቢሆን። መልካም ቃል ባይመጣ፥ «እዚህ ላይ ይከብደኛል» ብላችሁ ደረታችሁን ማሳየት ይበቃል። እንባም ነውር አይደለም። ዳዊት ጎልያድን የገደለ ጀግና ነበረ፤ ልጁ አቤሴሎም በሞተ ጊዜ ግን እያለቀሰ ወጣ። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሶአል። ወንድ አያለቅስም የሚል ሰው ይህን ሁሉ ማስተባበል አለበት።

የአገራችን ሰው ሐዘንን እንዴት እንደሚይዘው ብታስተውሉ ብዙ ጥበብ ታያላችሁ። ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፥ ውሃ ይቀዳል፥ እንጀራ ይጋግራል፤ ሐዘንተኛው ምን እበላለሁ ብሎ እንዳይጨነቅ ሌሎች ያስቡለታል። ሣልስት፥ ሰባት፥ አርባ እየተባለ ቀን ይቈጠራል። ይህ ለሙታን ጸሎት ነው፤ ደግሞም ሕያዋን ሐዘናቸውን በአንድ ጊዜ ተሸክመው እንዳይወድቁ በየመንገዱ ማረፊያ ይሆንላቸዋል። በአዊ አገር ደግሞ ፈረሰኞች አሉ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1888 ዓ.ም በዐድዋ ጦርነት ፈረሶች የሠሩትን ሥራ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተ ነው። ዛሬ ከሃምሳ ሺህ በላይ አባላት ያሉት ሲሆን፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በታላቅ ሥርዐት በዓሉን ያከብራል። የማኅበሩ ሰዎች በሠርግ ያጅባሉ፥ የተጣላ ያስታርቃሉ፥ በለቅሶም ከሐዘንተኛው ጋር ይቆማሉ። ፈረሶች ተሸልመው ወደ ለቅሶ ቤት ሲመጡ ያየ ሐዘንተኛ፥ የሞተበት ሰው በአገሩ ዘንድ የተከበረ እንደ ነበረ ያውቃል፤ ይህም ታላቅ መጽናናት ነው።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጥበብ መካከል አንድ ነገር ጎድሎ አያለሁ። ሕፃናትን እንረሳለን። ለቅሶ ሲሆን፥ «ልጆቹን ከዚህ አርቁ» እንላለን፤ ወደ ጎረቤትም እንሰዳቸዋለን። «አባቴ ወዴት ሄደ?» ቢሉ፥ «ሩቅ አገር ሄዶአል፥ ይመጣል» እንላቸዋለን። ልጁም በየማታው መንገዱን ያያል። ሕፃን እውነቱን በለሰለሰ ቃል ቢነግሩት ያዝናል፥ ከሌሎች ጋርም ሆኖ ይጽናናል፤ ቢዋሹት ግን ሐዘኑን ብቻውን ያስታምማል። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ብቻ አይደለም። መጽሐፉን በቤታችሁ ጮክ ብላችሁ ስታነቡ ታላላቆቻችሁም እንዲሰሙት ነው።

የዚያ ልጅ አጎት ፈረስ የሚያሠለጥን ሰው ነበረ። አንድ ቀን ልጁን ሊወስድ ሲመጣ የተናገረኝን አልረሳሁትም። «ፈረስ በደነበረ ጊዜ የሚመታው ሰው ፈረስ አያውቅም» አለኝ። «የደነበረ ፈረስ ቢመታ የፈራውን ነገርና ዱላውን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አያልፍም። ልጓሙን ሳላጠብቅ ሳልለቅ እይዘዋለሁ፤ አንገቱን እዳብሰዋለሁ፤ በለዘብታ ድምፅ እናገረዋለሁ። ትንፋሹ ሲመለስ የፈራውን ነገር ቀርቦ እንዲያሸተው እተወዋለሁ። ሁለተኛ ቀን ያልፈዋል።» የትምህርት ሊቃውንት ስለ ፈራ ልጅ የሚጽፉት ብዙ መጽሐፍ በዚህ ሰው አፍ ውስጥ ነበረ ማለት እችላለሁ።

እናንተም የገዛ ልባችሁን እንዲሁ ያዙት። ፍርሃት ወይም ቍጣ በመጣባችሁ ጊዜ ራሳችሁን አትስደቡ። አየር በአፍንጫችሁ በቀስታ አስገቡ፤ ከዚያም ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው በአፋችሁ ቀስ እያላችሁ፥ ካስገባችሁበት ጊዜ አስረዝማችሁ አውጡት። ይህን ዐሥር ጊዜ ያህል አድርጉ። ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይቀንሳል፤ ሰውነትም ጅቡ እንደ ሄደ ያውቃል። የተቈጣ ሰውም ከመናገሩ በፊት ይህን ቢያደርግ ብዙ ጠብ በቀረ ነበር። ከዚህ በኋላ የፈራችሁትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ቅረቡት፤ በሰው ፊት ማንበብ የሚፈራ ለእኅቱ ያንብብ፥ ቀጥሎ ለሁለት ጓደኞቹ፥ ቀጥሎ ለክፍሉ።

ከዚህም ሌላ ልብን የሚያጸኑ ነገሮች በየቀኑ ኑሮአችን ውስጥ አሉ፤ ብርም አይጠይቁም። ከብት መጠበቅ፥ እንጨት መልቀም፥ የድንች ማሳ መኰትኰት ሥጋን ያደክማል፥ አሳብን ግን ያሳርፋል። በገና ጨዋታ ሜዳ ሙሉ ቀን የሮጠ ልጅ ሌሊት ሲጨነቅ አያድርም። መዝሙርና በገናም አሉ። ሳኦል ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፥ እርሱም ደኅና ይሆን ነበር ተብሎ ተጽፎአል፤ በዐቢይ ጾም ምሽት የበገና ድምፅ የሰማ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን አይጠይቅም። ከሁሉ ይልቅ ግን ጓደኛ ይበልጣል። ከጓደኞቻችሁ መካከል ጨዋታ የተወ፥ ምሳውን የማይበላ፥ ብቻውን የሚቀመጥ ቢኖር ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። የምትሉት ባይኖራችሁ ምንም አትበሉ፤ የኢዮብን ወዳጆች የመጀመሪያውን ሳምንት አስታውሱ።

በእኛም ዘመን ልጆች ከአባት ሞት ሌላ ብዙ የሚያስፈራ ነገር አይተዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የጦር ግጭት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። የተኩስ ድምፅ ሰምተው በአልጋ ሥር የተኙ፥ ቤታቸውን ትተው የሸሹ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ከዚያ በኋላ በር ሲመታ ቢደነግጥ፥ በሌሊት ቢጮኽ፥ ወይም አልጋውን ቢያረጥብ አትሳቁበት። ሰውነቱ ሊጠብቀው ነው የሚነቃው፤ አደጋው ማለፉን ገና አላመነም። ብዙዎቹ ልጆች በሰላም ውለው ሲያድሩ፥ የሚወዳቸው ሰውም ከአጠገባቸው ሲሆን፥ ቀስ በቀስ ይድናሉ።

በዚህ ሁሉ የማይድን ሕመምም አለ። ሐዘን ወይም ጭንቀት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ሲጸና፥ ሰው መብላትና መተኛት ሲያቅተው፥ የሌለ ድምፅ ሲሰማ፥ ወይም ያለ ምክንያት ሰው ሁሉ ሊገድለኝ ነው ብሎ ሲፈራ፥ ይህ የሐኪም ሥራ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 በዓለም ካሉት ስምንት ሰዎች አንዱ ከአእምሮ ሕመም አንዱ ዐይነት ነበረበት። ስምንት ሆናችሁ በአንድ መቀመጫ ብትቀመጡ ይህ ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባችኋል።

በአገራችን ለዚህ ሕመም መጀመሪያ የተሠራው ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም ገደማ በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ነው። ለብዙ ዘመን በመላው ኢትዮጵያ ከእርሱ በቀር አልነበረም። ከእንጅባራ እስከ አዲስ አበባ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፥ ከአዊ አገር የሚሄድ በሽተኛ ምን ያህል እንደሚደክም አስቡ። ስለዚህ ብዙ ሰው በሽተኛውን በቤት ውስጥ አስሮ ያስቀምጥ ነበር። በ1995 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በ2005 ዓ.ም ደግሞ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የአእምሮ ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ የሚያዝዝ ዕቅድ አወጣ። ዛሬ በእንጅባራም በዳንግላም ሆስፒታል አለ፤ በየቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ወደ ጤና ጣቢያ መንገዱን ታሳያለች። የሚሠራው ገና ብዙ ነው፥ ሆኖም ሰው አስሮ ለማስቀመጥ ምክንያት የለም።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ጠበል ይሻላል ወይስ መድኃኒት?» ብለው ይከራከራሉ። እኔ በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ነኝና ጠበልን አከብራለሁ። ሆኖም በ1999 ዓ.ም ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረዋል፤ የአእምሮ ሕመምም ከዚህ የተለየ ነው አልልም። በጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም የሰጠውን ኪኒን አይተው። እናንተም የታመመውን ሰው በመንገድ ላይ ስታዩ ድንጋይ አትወርውሩበት፥ «እብድ» እያላችሁም አትከተሉት። ያ ሰው የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ እናቱም ድምፃችሁን ትሰማ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጥ እነግራችኋለሁ። ኤልያስ እንደ ተመኘው ሞትን የመመኘት አሳብ በልጅ ልብ ውስጥም ይመጣል። ቢመጣባችሁ ይህ ኀጢአተኛ ወይም እብድ ሆናችሁ ማለት አይደለም፤ ታማችኋል ማለት ነው። በዚያችው ሰዓት ለእናታችሁ፥ ለአክስታችሁ፥ ለመምህራችሁ፥ ወይም ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ። አንዱ ባይሰማችሁ ለሁለተኛው ንገሩ፤ ሁለተኛው ባይሰማችሁ ለሦስተኛው። ጓደኛችሁ እንዲህ ያለ ነገር ነግሮአችሁ፥ «ለማንም አትንገር» ብሎ ቢያስምላችሁም፥ ይህን ምስጢር አትጠብቁለት። ሌላውን ምስጢር ሁሉ ጠብቁለት፤ ይህን ግን ለታላቅ ሰው ንገሩ።

ያ ልጅ በአንድ ቀን አልዳነም። ከጥምቀት በኋላ ማንበብ ጀመረ። ጥር 23 ቀንም ከአጎቱ ጋር ወደ እንጅባራ ወርዶ ፈረሶቹን አየ፤ የአባቱን ፈረስ አጎቱ ተቀምጦበት ነበርና ቀኑን ሙሉ ምንም አልተናገረም፤ ማታ ግን ከእናቱ ጋር ብዙ አወሩ። ንባቡ ወደ ቀድሞው የተመለሰው ሰኔ ሲደርስ ነው። እናቱም፥ «አባወራዋ እኔ ነኝ፤ አንተ ልጄ ነህ» ብላ በዘመዶች ፊት ተናገረች ብለው ነገሩኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ሲደርስ፥ ዓመቱ በሚሞላበት ሳምንት፥ እንደ ገና መጽሐፉን ገልጦ ገጹን ሳያገላብጥ አየሁት። አርጩሜው ከክፍሌ ከጠፋ ቆይቶአል። ተማሪዎቹ ለዕረፍት ሲወጡ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ስለ ንባቡ አልጠየቅሁትም፤ ፈረሱ እንዴት እንደ ሰነበተ ጠየቅሁት። «ገብሱን ይበላል» አለኝ፤ ከዚያም ስለ አባቱ በአዊኛ ይነግረኝ ጀመር፤ እስኪደወልም ድረስ ነገረኝ።